ያው መምህር፣ ያው ልጅ፣ የተለየ ውጤት፦ የህንዱ ፕራታም የንባብ ጉዳይ

በ2008 ጁን ላይ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው) ህንድ ውስጥ ቢሃር በሚባለው ክፍለ ግዛት የመንግስት ትምህርት ቤት መምህራን በእረፍት ጊዜ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች ሰብስበው፣ ፕራታም የሚባል ድርጅት ባወጣው፣ ልጁን ባለበት የንባብ ደረጃ በሚያስተምር ዘዴ አንድ ወር አስተማሩ። በጥናት ተለካ፣ ልጆቹ በንባብም በሂሳብም ለውጥ አመጡ። እዛው ቢሃር ውስጥ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ እንደነሱ ያሉ የመንግስት መምህራን ያንኑ ዘዴ ሰልጥነው፣ ያንኑ ማቴሪያል ተሰጥቷቸው መደበኛ ክፍላቸው ገቡ። ይሄም ተለካ። ለውጥ የለም፣ ምንም።

የትምህርት ጥናት ለመምህር ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ሲነሳ እኔ ሁሌ የማነሳው ይሄን ጉዳይ ነው። እኛ ሀገር መምህር ስልጠና ተጠርቶ የሚሰማው «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የሚል ፓወርፖይንት ነው፣ ስልጠናው ያልቃል፣ አበሉ ይከፈላል፣ ሰውየው ወደ 60ና 70 ልጁ ይመለሳል፣ ያ ጥናት የት ሰራ የት አልሰራም፣ ያልሰራበት ቦታስ ምን ጎድሎ ነው ብሎ የሚነግረው የለም። የፕራታም ጉዳይ ግን የከሸፈውም ጭምር ተለክቶ የተጻፈበት ነው፣ ለዛ ነው ለክፍል መምህር የሚጠቅመው።

ከስር ልጀምር። ፕራታም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙምባይ ላይ የተመሰረተ ድርጅት ነው። መስራቾቹ ማድሃቭ ቻቫን የሚባል የኬሚስትሪ ምሁርና ፋሪዳ ላምባይ የምትባል የሶሻል ወርክ ባለሙያ ናቸው። መጀመሪያ የያዙት በድሃ ሰፈሮች ለትንንሽ ልጆች ቅድመ መደበኛ ትምህርት መስጠት ነበር፣ ቀስ እያሉ ግን ትልቁ ችግር ትምህርት ቤት ያልገባው ልጅ ብቻ እንዳልሆነ አዩ፣ ገብቶ 3ኛ 4ኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ የማይችለውም ብዙ ነበር። ይሄንን ማንኛውም የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ያውቀዋል፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ድምፁም ከሁሉም በላይ ይሰማል፣ ለብቻው ጠርተህ ጣትህን አንድ ቃል ላይ ስታደርግ ግን ዝም ይላል። ገጹን በቃሉ ይዞት ነው።

ስለዚ ፕራታም ባልሳኪ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ከዛው ሰፈር ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣት ሴቶች ተመለመሉ፣ ዲፕሎማ ምናምን የላቸውም፣ የሚከፈላቸውም ትንሽ ነው። ከ3ኛና 4ኛ ክፍል ወደኋላ የቀሩ 15፣ 20 ልጆችን በቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ከክፍል እያወጡ መሰረታዊውን ነገር ያስተምሯቸዋል። ይሄንን የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎቹ አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው ከ2001 ጀምሮ ቫዶዳራና ሙምባይ ከተሞች ላይ አጠኑት፣ ትምህርት ቤቶቹን በእጣ ለሁለት ከፍለው ማለት ነው። ውጤቱ በመጀመሪያው ዓመት 0.14 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የልጆች የፈተና ውጤት እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚያሳይ መለኪያ ነው)፣ በሁለተኛው 0.28 ነበር፣ በዚ ዓይነት ጥናት 0.28 ትልቅ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲለካ ግን ከጥቅሙ የቀረው 0.10 ገደማ ነው። አልጠፋም፣ ግን ሳስቷል፣ ልጁን አንዴ አንስተህ ወደዛው ወደማይገባው ክፍል ከመለስከው እንደዛ ነው የሚሆነው።

ከዛ ጥናት ግን እኔን በጣም ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። 20 ልጅ ከክፍሉ ሲወጣ መምህሩ ጋር የቀሩት ልጆች ክፍላቸው ለቀቅ አለ፣ ቁጥራቸው ቀነሰ፣ የደከሙትም ወጥተዋል። እና ምን ተገኘ? የቀሩት ልጆች ምንም አልተሻሻሉም። እኛ ዘንድ ማንኛውም ውይይት «የተማሪ ቁጥር ቢቀንስልን» ላይ ነው የሚያልቀው፣ እኔም የ70 ልጅ ክፍል ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ፣ ግን መምህሩ የሚያስተምረውን ነገር ሳይቀይር ቁጥሩ ብቻ ሲቀንስ ለልጁ ብዙም የሚመጣለት ነገር እንደሌለ እዚ ላይ በግልጽ ታይቷል። ኬንያም ተመሳሳይ ነገር ነው የታየው፣ ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ ቡሲያ አካባቢ መጽሐፍ ያደሉበት ጥናት ላይ የተጠቀሙት ድሮም ጎበዝ የነበሩት ልጆች ብቻ ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ለአብዛኞቹ ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሶስተኛ ቋንቋቸው ነው፣ የማይነበብ መጽሐፍ ቢታደል ምን ይሰራል። (ባነርጂ፣ ዱፍሎና ክሬመር በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት ድህነትን በእንዲህ ዓይነት የመስክ ሙከራ በማጥናታቸው ነው።)

ወደ ህንድ ልመለስ። በ2005 ፕራታም አሰር የሚባለውን ዓመታዊ ጥናት ጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች ገጠር ለገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ ልጆችን አንድ በአንድ ያስነብባሉ። መሳሪያው አንድ ወረቀት ነው፣ አራት ነገር አለበት፦ ፊደል፣ ቃል፣ በ1ኛ ክፍል ደረጃ አጭር አንቀጽ፣ በ2ኛ ክፍል ደረጃ አጭር ታሪክ። አሰራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ ምክንያቱም ማንም መምህር ነገ ጠዋት ሊጠቀምበት ይችላል። ከአንቀጹ ትጀምራለህ። ልጁ አንቀጹን ሳይቆራርጥ ካነበበ ታሪኩን ትሰጠዋለህ፣ ታሪኩን ከቻለ «ታሪክ ደረጃ» ነው፣ ካልቻለ «አንቀጽ» ላይ ነው። አንቀጹ ላይ ከተደናቀፈ ወደ ቃል ትወርዳለህ፣ የፈለገውን አምስት ቃል ይመርጣል፣ አራቱን በትክክል ካነበበ «ቃል» ነው። ካልቻለ ፊደል፣ እዛም ከአምስት አራት። እሱንም ካልቻለ «ጀማሪ» ተብሎ ይመዘገባል። ማርክ የለውም፣ ደረጃ አይወጣለትም፣ ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በዚ ቀላል ወረቀት የተገኘው ውጤት ሀገሩን ያስደነገጠ ነው፣ በገጠር 5ኛ ክፍል ከሚማሩት ልጆች ግማሽ አካባቢ የ2ኛ ክፍሉን ታሪክ ማንበብ አይችሉም ነበር፣ በ2018ም ቁጥሩ እዛው ግማሽ አካባቢ ነበር።

ችግሩ ከታወቀ በኋላ መፍትሄውን ማስፋት መጣ፣ ፈተናውም የጀመረው እዚ ጋር ነው። በመጀመሪያ ኡታር ፕራዴሽ ውስጥ ጃውንፑር ወረዳ ላይ በመንደር በጎ ፈቃደኞች ከትምህርት ሰዓት ውጪ የንባብ ካምፕ ተሞከረ። ፊደል እንኳን የማይለይ ልጅ ካምፑን ከተከታተለ ፊደል የመለየት እድሉ በ60 የመቶኛ ነጥብ ከፍ አለ፣ ይሄ የሚያስገርም ነው። ግን ካምፑ የመጡት ከልጆቹ 8 በመቶ ብቻ ናቸው። ትምህርት ቤት ውሎ የመጣ ልጅ እንደገና ሌላ ቦታ ሄዶ አይቀመጥም፣ ወላጁም አይልከውም። ዘዴው ሰርቷል፣ ልጁ ግን አልመጣም። ስለዚ ልጁ ወዳለበት ወደ ትምህርት ቤቱ መግባት ነበረባቸው፣ እሱ ደግሞ የመምህሩ ግዛት ነው።

እና ቢሃርና ኡታራካንድ በሚባሉት ክፍለ ግዛቶች ትምህርት ቤቶች ገቡ። ቢሃር ላይ ማቴሪያል ብቻ የተሰጠበት፣ ማቴሪያልና የመምህር ስልጠና የተሰጠበት፣ ከነዛ ላይ በጎ ፈቃደኛ የተጨመረበት ተብሎ ተከፋፍሎ ተጠና። ማቴሪያል ብቻውን፣ ምንም። ስልጠና ሲጨመርበት፣ አሁንም ምንም። ለውጥ የታየው በጎ ፈቃደኞቹ ልጆቹን ለብቻ ይዘው ሲያስተምሩ ነው። ኡታራካንድ ላይ ደግሞ በጎ ፈቃደኛም ተጨምሮ አልሰራም፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ በጎ ፈቃደኞቹን እንደ ትርፍ መምህር ወስዶ መደበኛ ስራ ላይ አሰማራቸው፣ በቃ ሲለበስ (ለዓመቱ የተመደበውን የትምህርት ይዘት) ሲሸፍኑ ዋሉ።

አሁን መጀመሪያ ላይ ያነሳሁትን የቢሃሩን የጁን ካምፕ አስቡት። መምህራኑ ዘዴውን መስራት ይችላሉ፣ ሰርተውም አሳይተዋል። ታዲያ ክፍል ሲገቡ ምን ነካቸው? ተጠይቀው የተናገሩት ነገር ግልጽ ነው፣ ዘዴውን ወደውታል፣ ግን ስራዬ የሚሉት መጽሐፉን መጨረስን ነው። ኃላፊው የሚጠይቃቸው ስንተኛ ዩኒት ላይ ደረስክ ብሎ ነው። በ2009 የወጣው የህንድ የትምህርት መብት ህግ ራሱ መምህሩ ካሪኩለሙን በተወሰነለት ጊዜ እንዲጨርስ ይላል፣ ልጁም በእድሜው ልክ ክፍል እንዲመደብ። ስለዚ 4ኛ ክፍል ውስጥ ፊደል የማይለይ ልጅ ቢኖርም መምህሩ በህግ የታዘዘው 4ኛ ክፍልን እንዲያስተምር ነው። ጁን ላይ ግን ሲለበስ የለም፣ ዩኒት ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ያለው ስራ አንድ ነው፣ እነዚን ልጆች ማስነበብ። መምህሩ ያው መምህር ነው፣ የተቀየረው የታዘዘው ስራ ነው።

ብዙ ሰው እዚ ላይ ሲደርስ መምህሩን ይወቅሳል፣ ፍላጎት የለውም፣ ሰነፍ ነው ይላል። እኔ በዚ በጣም ነው የማዝነው፣ ምክንያቱም መረጃው የሚለው ተቃራኒውን ነው።

ከዛ ትልቁ እርምጃ ሃርያና ላይ መጣ፣ 2012–13። እዛ የተማረው ነገር ሁሉ ስራ ላይ ዋለ። የክፍለ ግዛቱ መንግስት በትምህርት ቀኑ ላይ አንድ ሰዓት ጨመረ፣ በዛ ሰዓት ሲለበስ የሚባል ነገር የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ክፍላቸውን ለቀው ይነሳሉ፣ በክፍል ደረጃ ሳይሆን በሚያነቡት ልክ ይደለደላሉ፣ ፊደል ላይ ያለው የ5ኛ ክፍል ልጅ ፊደል ላይ ካለው የ3ኛ ክፍል ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይገባል ማለት ነው። እያንዳንዱ መምህር አንድ ደረጃ ይይዛል። ሌላው ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ ነው። እኛ ጋር ክላስተር ሱፐርቫይዘር እንደምንለው ዓይነት ሰዎች አሏቸው፣ እነሱ ከመምህራኑ በፊት ሰለጠኑ፣ ሰልጥነው ደግሞ ወደ ቢሮ አልተመለሱም፣ ራሳቸው ክፍል ገብተው ከሁለት ሳምንት በላይ ልጆቹን አስተማሩ። ከዛ በኋላ ነው መምህሩን ያሰለጠኑት፣ ትምህርት ቤት እየሄዱም የተከታተሉት። ራሱ አስተምሮ ያየ ሱፐርቫይዘር ክፍል ሲገባ ሌሰን ፕላን ተሞልቷል አልተሞላም ብሎ ብቻ አይወጣም፣ የትኛው ልጅ ከፊደል ወደ ቃል እንደተሻገረ ይጠይቃል።

ውጤቱ በሂንዲ ንባብ 0.15 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሆነ። ሂሳብ ላይ ለውጥ አልተገኘም፣ ትኩረቱ የነበረው ንባብ ላይ ስለሆነ አይገርምም። 0.15 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፣ ግን የመንግስት መምህር፣ በመንግስት ደሞዝ፣ በትምህርት ሰዓት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣው ነው።

እዛው ሃርያና ላይ ጎን ለጎን ሌላ ነገር ተፈትኗል፣ ይሄን ሳነብ የኛን ቢሮዎች ነው ያስታወሰኝ። ተከታታይ ምዘና። መምህሩ ልጁን በየጊዜው እንዲመዝን፣ በየዘርፉ እንዲመዘግብ፣ ፎርም እንዲሞላ የሚያደርግ አሰራር፣ በህጉም የተደገፈ። ውጤቱ ዜሮ ነው። ስታስቡት ለምን እንደሆነ ይገባል፣ ምዘናው ልጁ ፊደል እንደማይለይ ቢነግርህም በማግስቱ ፔሬድህ ላይ የምታስተምረው ያንኑ ያልደረሰበትን ምዕራፍ ከሆነ መመዘኑ መዝገብ ከመሙላት አያልፍም። የአሰሩም ወረቀት እኮ ምዘና ነው፣ ልዩነቱ ከምዘናው በኋላ ልጁ ቦታ ይቀይራል፣ መምህሩም የሚሰራውን ይቀይራል።

በመጨረሻ ኡታር ፕራዴሽ ላይ፣ መንግስት መምህሩን መከታተል በማይችልበት ቦታ ምን ይደረግ ተብሎ፣ የፕራታም ሰራተኞች ራሳቸው ትምህርት ቤት እየገቡ የ10 ወይም የ20 ቀን ዘመቻ አደረጉ፣ በዓመት ውስጥ ተደምሮ 50 ቀን ገደማ፣ በቀን ሶስት ሰዓት ያህል፣ ግማሹ ሂንዲ ግማሹ ሂሳብ። ውጤቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ደረሰ፣ አንቀጽ ወይም ታሪክ ማንበብ የሚችሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልገባባቸው መንደሮች ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ ተጠጉ። 50 ቀን ብቻ ነው። እነዛ ልጆች ከዛ በፊት ስንት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል!

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል ለሚለው፣ ምንም ውድ ነገር የለበትም። ልጆቹ መሬት ላይ በክብ ይቀመጣሉ፣ መምህሩም አብሮ ይቀመጣል። አንድ አጭር ታሪክ ጣት እየተጠቆመ ይነበባል፣ ይወራበታል። መሬቱ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፣ ልጁ ቃሉ ላይ ይዘላል። ለሂሳብ እንጨት አስር አስር እየታሰረ ይቆጠራል። ከሁሉም በላይ ግን ባራካዲ የሚሉት ሰንጠረዥ አለ፣ አንዱ ተነባቢ ከነአናባቢዎቹ በአንድ መስመር ተደርድሮ የሚነበብበት፣ ካ ኪ ኩ እያለ የሚሄድ። ይሄን ሳይ ነው ጉዳዩ ለኛ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ የገባኝ። የሂንዲ ፊደል እንደኛው ነው የሚሰራው፣ የኛም ልጅ ከሀ እስከ ሆ በዜማ ይለዋል፣ ችግሩ ሰባቱን በተርታ ካልጀመረ «ሙ»ን ለብቻዋ ሲያያት አያውቃትም። በየቀኑ ሰንጠረዡን ለአጭር ጊዜ ወደ ጎንም ወደ ታችም ማንበብ፣ ወዲያው ከዛ ላይ ቃል መስራት፣ ወዲያው ታሪክ ውስጥ መፈለግ፣ ይሄ ነው ስራው።

ስለኛ ካነሳሁ አይቀር፣ በ2010 ኢትዮጵያ ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና 2ኛ ክፍል ከተፈተኑት ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም። በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሀገር ምድሩ ጮኸ፣ ትክክል ነው መጮህ አለበት፣ ግን ያ ልጅ የወደቀው 12ኛ ክፍል ላይ አይመስለኝም፣ ብዙዎቹ 2ኛ ክፍል ላይ ነው የተተዉት። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ሳይወድቁ የማለፍ የቆየ አሰራራችንም ልጁን እንዳያቋርጥ አደረገው እንጂ እንዲያነብ አላደረገውም።

አንድ ስጋት አለ፣ መምህራን ሁሌ ያነሱታል፣ ደካማውን ለብቻ መለየት ሞራሉን አይጎዳም ወይ የሚል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ምዕራብ ኬንያ ላይ ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓና ክሬመር 121 ትምህርት ቤቶች ላይ 1ኛ ክፍልን ለሁለት ከፍለው አጥንተውታል፣ በግማሾቹ ልጆቹ በችሎታ ተለዩ፣ በግማሾቹ በእጣ ተቀላቀሉ። በችሎታ በተለዩበት ዝቅ ያለው ቡድንም ጭምር ተሻሽሏል፣ መምህሩ ለነሱ በሚመጥን ልክ ማስተማር ስለቻለ። ፕራታም ላይ ደግሞ ልጁ ቀኑን ሙሉ አይለይም፣ ለአንድ ሁለት ሰዓት ነው፣ በየተወሰነ ጊዜ እንደገና እንዲያነብ ይደረግና ከቻለ ወዲያው ወደሚቀጥለው ቡድን ያልፋል። የኛ 1ለ5 ከዚ ጋር አንድ አይደለም፣ እዛ ጎበዙ ደካሞቹን እንዲጎትት ነው የተፈለገው፣ እዚ መምህሩ ራሱ ነው ወደ ልጁ የሚወርደው።

3ኛ ክፍል A፣ B እና C ያሉት ትምህርት ቤት ቢሆን ምን ይመስላል? በአንድ ሳምንት ውስጥ ሶስቱ መምህራን እያንዳንዱን ልጅ በዛች ወረቀት ያስነብባሉ። ዳይሬክተሩ የሶስቱን ሴክሽን አማርኛ ፔሬድ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ያደርገዋል፣ ፕሮግራም ማስተካከል ነው፣ በጀት አይጠይቅም። በዛች ፔሬድ ልጆቹ ይበታተናሉ፣ አንዱ መምህር ጀማሪና ፊደል፣ አንዱ ቃል፣ አንዱ አንቀጽና ታሪክ ይይዛል። ከባዱ ነገር ዳይሬክተሩም ሱፐርቫይዘሩም በዛች ሰዓት የዩኒት ጥያቄ እንዳያነሱ ማስማማት ነው፣ ቢሃር ላይ ያከሸፈው እሱ ስለሆነ መጀመሪያ መነጋገር ያለባቸው በሱ ላይ ነው። ሌላው ፊደል ላይ ያሉትን ልጆች ማን ይያዝ የሚለው ነው። የተለመደው ለአዲሱ መምህር መወርወር ነው። ባልሳኪዎቹ ያለ ዲፕሎማ ያን ውጤት አምጥተዋልና ዋናው የትምህርት ደረጃ አይደለም፣ ግን እኔ ብሆን ትዕግስት አለው ተብሎ በትምህርት ቤቱ የሚታወቀውን፣ ልጁ ሲሳሳት የማይቆጣውን፣ መሬት ላይ አብሮ ለመቀመጥ የማያፍረውን መምህር ነበር እዛ የምመድበው፣ እሱ ከሲኒየሮቹም አንዱ ቢሆን።